ደብዳቤዎ ተቆልፏል፤ ጓጉንቸሩ ግን የማን ነው?

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በሚገኙ የግመልና የከብት ገበያዎች ዋጋ ጮክ ተብሎ አይነገርም። ሻጩና ደላላው እጅ ለእጅ ይያያዙና በላዩ ላይ ሽርጥ ወይም ነጠላ ጣል ያደርጉበታል። ከጨርቁ ሥር ጣት በጣት ላይ ይጫናል፣ ይቆጠራል፣ ይጨበጣል፤ ብሩ የሚነገረው በዚህ ነው። ዙሪያውን ከቦ የቆመው ገበያተኛ ድርድር መኖሩን ያያል፤ ዋጋውን ግን አያውቅም። ቀጥሎ ደላላው ወደ ገዢው ዞሮ በዚያው ጨርቅ ሥር የገዢውን እጅ ይይዛል።

ደላላው ቅን ከሆነ ሥራው ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ ገበያውም የኖረው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነው። ቅን ካልሆነ ግን ለሻጩ አንድ ዋጋ፣ ለገዢው ሌላ ዋጋ ነግሮ ልዩነቱን ወደ ኪሱ ሊከት ይችላል። ጨርቁ ከተመልካች ዓይን ይሸፍናል እንጂ ከጨርቁ ሥር ካለው እጅ አያድንም። ሻጭና ገዢ የሚድኑት አንድም የያዙት እጅ የማን እንደሆነ በሚገባ ሲያውቁ፣ አንድም ራሳቸው ተገናኝተው "አንተ ስንት ተባልክ?" ሲባባሉ ነው።

ለመሆኑ ይህ ከኢንተርኔት ጋር ምን ያገናኘዋል? በእጅጉ ያገናኘዋል። ዛሬ ነጋዴው ከውጭ አቅራቢው ጋር የሚጻጻፈው በኢሜይል፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም ነው። ብዙዎቹ መልእክቶች ተመስጥረው ይሄዳሉ፤ ማለትም ጨርቅ ጣል ተደርጎባቸዋል። ነጋዴውም "ተቆልፏል" የሚለውን ምልክት አይቶ ልቡን ይጥላል። ከጨርቁ ሥር ያለው እጅ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ጥያቄ ነው።

የአንድ ሚሊዮን ዶላሩ አስታራቂ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ቼክ ፖይንት የተባለው የእስራኤል የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ አንድ የምርመራ ውጤት ይፋ አድርጎ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቻይና የኢንቨስትመንት ድርጅት በእስራኤል አዲስ ለተቋቋመ ኩባንያ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ሊያስገባ ይስማማል። ሁለቱ ወገኖች ስለ ገንዘቡ አላላክ በኢሜይል ሲጻጻፉ አንድ ሌባ ደብዳቤያቸውን ቀድሞ ማየት ችሎ ነበር። ሌባው ሁለት የኢንተርኔት አድራሻዎችን ያስመዘግባል። አንደኛው የእስራኤሉን፣ ሁለተኛው የቻይናውን ድርጅት አድራሻ የሚመስል ሲሆን ልዩነቱ በመጨረሻው ላይ የተጨመረችው "ኤስ" የተባለች አንዲት ፊደል ብቻ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ድርጅቶች እርስ በርሳቸው የተጻጻፉ መሰላቸው እንጂ የሚጻጻፉት ከሌባው ጋር ነበር። እያንዳንዱ ደብዳቤ መጀመሪያ ወደ እሱ ይሄዳል፤ እሱ አንብቦ፣ የሚለወጠውን ለውጦ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። በዚህ ሁኔታ 18 ደብዳቤዎችን ለቻይናው ወገን፣ 14 ደብዳቤዎችን ለእስራኤሉ ወገን ልኳል። እንዲያውም ሁለቱ ወገኖች ሻንጋይ ላይ በአካል ለመገናኘት ቀጠሮ ይዘው ነበር። ሌባው ይህ ስብሰባ ከተካሄደ እንደሚጋለጥ ስለገባው ለሁለቱም የተለያየ ምክንያት ጽፎ ቀጠሮውን አሰረዘ። ገንዘቡ በሌባው የባንክ ሒሳብ ገባ።

ይህች የቀጠሮ ስረዛ ልብ ልትባል ይገባል። ሌባው የፈራው ፖሊስንም የኮምፒዩተር ሊቅንም አልነበረም። የፈራው ሁለቱ ወገኖች እሱ በሌለበት መንገድ መገናኘታቸውን ነበር።

እንዲህ ያለው የንግድ ኢሜይል ማጭበርበር እንግዳ ነገር አይደለም። የአሜሪካው ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. የ2023 ዓመታዊ ሪፖርቱ በዚህ ዘርፍ ብቻ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ እንደተመዘገበ ያመለክታል። ይህም የተጎዳው ሰው ራሱ ሄዶ ያመለከተው ብቻ ነው።

ነገርን ከሥሩ

"ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ" እንዲሉ የቁልፉን አሠራር በጥቂቱ ማየት ይጠቅማል። ቀደም ባለው ዘመን በምስጢር የሚጻጻፉ ሁለት ሰዎች አስቀድመው ተገናኝተው አንድ ዓይነት ቁልፍ መካፈል ነበረባቸው። ይህ ለመንግሥታትና ለጦር ሠራዊት ይቻል ይሆናል፤ አዲስ አበባ ለተቀመጠና ጓንግዡ ያለውን አቅራቢውን አይቶት ለማያውቅ ነጋዴ ግን የማይታሰብ ነው።

ይህን ችግር የፈቱት በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ሲሆኑ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1976 ነው። በተከታዩ ዓመት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት "አርኤስኤ" የሚባለውን ዘዴ አቀረቡ።

ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ቁልፎች ይኖሩታል። አንደኛው ይፋዊ ቁልፍ ሲሆን ለማንም ይሰጣል። ይህን እንደ ክፍት ጓጉንቸር እንቁጠረው፤ ያገኘው ሰው ሁሉ ሣጥኑን ጠቅ አድርጎ ሊዘጋበት ይችላል። ሁለተኛው የግል ቁልፍ ነው፤ ጓጉንቸሩን የሚከፍተው እሱ ብቻ ሲሆን ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ስለዚህ ለአቅራቢዎ ደብዳቤ ሲልኩ የእሱን ጓጉንቸር ተቀብለው ይዘጉበታል፤ እሱም በግል ቁልፉ ይከፍታል።

እስካሁን ሁሉም መልካም ነው። ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጓጉንቸሩን ያመጣልዎት ማነው? አቅራቢዎ ነው ወይስ መንገድ ላይ የቆመ ሌላ ሰው?

በትንንሽ ቁጥሮች ስናየው

ካልኩሌተር ያለው አንባቢ የሚከተለውን አብሮን ሊሠራ ይችላል። አንድ የአዲስ አበባ ሰሊጥ ነጋዴና አንድ የዱባይ ገዢ በዲፊና ሄልማን ዘዴ የጋራ ምስጢር ሊፈጥሩ ፈለጉ እንበል። ሁለቱም 23 እና 5 በሚባሉ ቁጥሮች በግልጽ ይስማማሉ። እነዚህን ማንም ቢሰማ ግድ የለም።

ነጋዴው በልቡ 6ን ይመርጣል። ስድስት አምስቶችን እርስ በርስ ሲያባዛ 15,625 ያገኛል። ይህን ለ23 አካፍሎ ቀሪውን ብቻ ይወስዳል፤ ቀሪው 8 ነው። 8ን በግልጽ ይልካል። ገዢው ደግሞ በልቡ 15ን ይመርጣል። አሥራ አምስት አምስቶችን አባዝቶ ለ23 ሲያካፍል ቀሪው 19 ይሆናል። እሱም 19ን በግልጽ ይልካል።

አሁን ነጋዴው የደረሰውን 19 ስድስት ጊዜ አባዝቶ 47,045,881 ያገኛል፤ ለ23 ሲያካፍለው ቀሪው 2 ነው። ገዢው የደረሰውን 8 አሥራ አምስት ጊዜ አባዝቶ ለ23 ሲያካፍል እሱም ቀሪው 2 ይሆንለታል። ሁለቱም 2ን አገኙ። ይህች 2 በመንገድ ላይ ጨርሳ አልተላከችም፤ ከእንግዲህ የጋራ ምስጢራቸው እሷ ናት። በእውነተኛው አሠራር ቁጥሮቹ ከ600 በላይ አኃዝ ሊኖራቸው ስለሚችል መንገድ ላይ የሰማ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ምስጢሩን ማስላት አይሆንለትም።

መስማት ብቻ የሚፈልግን ሌባ ይህ ዘዴ በሚገባ ይከለክለዋል። ነገር ግን ሌባው ከመስማት አልፎ መሐል ቢገባስ?

ሌባው በልቡ 13ን ይመርጣል። አሥራ ሦስት አምስቶችን አባዝቶ ለ23 ሲያካፍል ቀሪው 21 ነው። ነጋዴው የላከውን 8 መንገድ ላይ ያስቀርና በምትኩ 21ን ለገዢው ይልካል። ገዢው የላከውን 19 ያስቀርና ለነጋዴውም 21ን ይልካል። ነጋዴው 21ን ስድስት ጊዜ አባዝቶ ለ23 ሲያካፍል 18ን ያገኛል። ገዢው 21ን አሥራ አምስት ጊዜ አባዝቶ ሲያካፍል 7ን ያገኛል። ሌባው ደግሞ 18ንም 7ንም ማስላት ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ግልጽ ነው። ነጋዴው "ክፍያው በዚህ የሒሳብ ቁጥር ይግባልኝ" ብሎ በ18 ቆልፎ ይልካል። ሌባው በ18 ይከፍታል፣ የሒሳብ ቁጥሩን ይለውጣል፣ በ7 መልሶ ይቆልፋል፤ ከዚያም ለገዢው ያስተላልፋል። በሁለቱም ወገን ኮምፒዩተር ላይ የሚታየው ምልክት "መልእክቱ የተመሰጠረ ነው" የሚል ነው። ምልክቱም አልዋሸም፤ መልእክቱ በእርግጥ ተመስጥሯል። የተመሰጠረው ግን ለሌባው ነው።

መፍትሔውስ? ከሚያስቡት በላይ ቀላል ነው። ነጋዴው ስልኩን አንሥቶ፣ "እኔ የላክሁት 8 ነው፤ እርስዎ ዘንድ የደረሰው ስንት ነው?" ይላል። ገዢው "21" ብሎ ይመልሳል። ያን ጊዜ መሐል ሰው እንዳለ ታወቀ። 8ም ሆነ 21 ይፋዊ ቁጥሮች ስለሆኑ ይህን የስልክ ንግግር ሌላ ሰው ቢሰማው የሚጎዳ ነገር የለም። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌባው እንዳሻው ሊለውጠው የማይችል ሁለተኛ መንገድ።

ባንኮች ድሮም ያውቁት ነበር

ይህ አዲስ ብልኃት አይደለም። በቴሌክስ ዘመን ባንክ ቤት የሠሩ ሰዎች "ቴስት ኪ" የሚባለውን አይረሱትም። ሁለት ባንኮች ግንኙነት ሲጀምሩ የቁጥር ሠንጠረዥ በታሸገ ፖስታ ይለዋወጣሉ። የሐዋላ ትእዛዝ በቴሌክስ ሲመጣ ከገንዘቡ መጠን፣ ከገንዘቡ ዓይነትና ከቀኑ የተሰላ ቁጥር አብሮት ይመጣል። ተቀባዩ ባንክ በሠንጠረዡ መሠረት ራሱ አስልቶ ያመሳክራል። ቁጥሩ ካልገጠመ ገንዘቡ አይከፈልም። ሠንጠረዡ በቴሌክስ አይላክም ነበር፤ በቴሌክስ የሚመጣውን ነገር የሚያረጋግጠው በሌላ መንገድ የመጣ ነገር መሆን አለበትና።

የፈራሚዎች ናሙና ፊርማ ለተጓዳኝ ባንኮች የሚላከውም በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው ስዊፍትም ቢሆን አንድ ባንክ ለሌላው "መልእክትህን እቀበላለሁ" ብሎ አስቀድሞ ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራር አለው። ባንክ ለአንድ ሐዋላ ይህን ያህል ሲጠነቀቅ ነጋዴው ግን አይቶት በማያውቀው ሰው የተላከለትን የሒሳብ ቁጥር ይዞ ወደ ባንኩ ይሮጣል። ባንኩ የእርስዎን ፊርማ ያመሳክራል። የአቅራቢዎን ማንነት የማመሳከሩ ሥራ ግን በአብዛኛው የእርስዎ ነው።

የኢንተርኔቱ "ውልና ማስረጃ"

ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ ስልክ እየደወሉ ቁልፍ ማመሳከር እንደማይቻል የታወቀ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ወገን አስፈለገ። ቤት ሲሸጥ ውልና ማስረጃ ሄደን ማንነታችንን እንደምናረጋግጠው ሁሉ በኢንተርኔትም "ይህ ቁልፍ የእገሌ ነው" ብለው የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። ይህን ሰርተፍኬት የሚሉትን ሐሳብ ሎረን ኮንፌልደር የተባለ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 በመመረቂያ ጽሑፉ ያቀረበው ነው። የባንክዎን ገጽ ሲከፍቱ ኮምፒዩተርዎ ይህን ምስክር ወረቀት በዝምታ ይመረምራል።

ምስክሩ ራሱ ቢሰረቅስ? ይህም ደርሷል። ዲጂኖታር የሚባለው የኔዘርላንድስ ድርጅት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ የሚታመኑበት ሰርተፍኬት ሰጪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ክረምት አንድ ሰርጎ ገብ ወደ ኮምፒዩተሮቹ ገብቶ ከ500 በላይ የሐሰት ሰርተፍኬቶችን አወጣ። ከእነዚህ አንዱ በጉግል ስም የወጣ ነበር። በዚህ ሐሰተኛ ምስክር ወረቀት አማካይነት በኢራን የሚኖሩ የጂሜይል ተጠቃሚዎች ግንኙነት መሐል ላይ ተጠለፈ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ወደ 300,000 የሚጠጉ የኢንተርኔት አድራሻዎች፣ በአብዛኛው የኢራን፣ በዚህ ሰርተፍኬት በኩል እንዳለፉ ታወቀ።

ታዲያ እንዴት ተደረሰበት? በኦገስት መጨረሻ አንድ የኢራን ተጠቃሚ ጂሜይልን በክሮም ሊከፍት ሲል ማስጠንቀቂያ መጣበት። ጉግል የራሱን ገጾች እውነተኛ ቁልፎች አስቀድሞ በክሮም ውስጥ አስፍሮ ስለነበር ክሮም የመጣለትን ቁልፍ ከዚያ ጋር አመሳክሮ አልገጥም አለው። ምስክሩ "እውነተኛ ነው" እያለ ሌባውን የያዘው ቀድሞ ተይዞ የነበረ የቁልፍ መዝገብ ነው። ዲጂኖታር በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ኪሳራ ታውጆበት ተዘጋ። ንብረቱ አመኔታ ብቻ ለነበረ ድርጅት አመኔታ ሲጠፋ ምን እንደሚተርፈው ከዚህ መማር ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ዛሬ ሰርተፍኬቶች ሁሉም ሊያያቸው በሚችል የአደባባይ መዝገብ እንዲሰፍሩ ይደረጋል። በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የወጣ ሲሆን ሰርተፍኬት ሰጪዎች የሚመሩበትን ሥርዓት ዘርግቷል።

ሆኖም አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በድረ ገጽ አድራሻ አጠገብ የምትታየው የቁልፍ ምልክት ባለቤቱ ታማኝ ነጋዴ መሆኑን አትመሰክርም። የምትመሰክረው ግንኙነቱ በአድራሻው ላይ ከተጻፈው ስም ጋር መሆኑን ብቻ ነው። አንዲት ፊደል ጨምሮ የሚመስል አድራሻ ያስመዘገበ ሌባም በነፃ ሰርተፍኬት አግኝቶ ምልክቷን ማሳየት ይችላል። ጉግል ይህ አለመግባባት ስላስቸገረው እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክቷን ከክሮም አንሥቶ በሌላ ተክቷታል። ስለዚህ አድራሻውን ፊደል በፊደል ያንብቡ። ኮምፒዩተርዎ "ሰርተፍኬቱ አጠራጣሪ ነው" ብሎ ሲያስጠነቅቅዎም "ግድ የለም፣ ቀጥል" የሚለውን አይጫኑ።

በስልክዎ ላይ የሚደረግ

ቀደም ሲል ያየነው የ8 እና የ21 ማመሳከር በእጅዎ ባለው ስልክ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እውነተኛው ቁልፍ ረዥም ስለሆነ ፕሮግራሙ ያሳጥረውና ማመሳከሪያ ቁጥር ያደርገዋል። ይህን የቁልፉ አሻራ ልንለው እንችላለን። በቁልፉ ላይ አንድ አኃዝ ብቻ ቢለወጥ አሻራው በሙሉ ይለወጣል።

በዋትስአፕ የሰውየውን ስም ተጭነው "ኢንክሪፕሽን" የሚለውን ሲከፍቱ 60 አኃዝ ያለው ቁጥርና አንድ ኪውአር ኮድ ያገኛሉ። ሰውየው አጠገብዎ ካለ የእሱን ኮድ በስልክዎ ካሜራ ያንብቡት፤ ካልገጠመ ስልኩ ራሱ ይነግርዎታል። ሩቅ ከሆነ ደውለው አምስት አምስት አኃዝ እያደረጉ ተራ በተራ ያንብቡ። ሲግናልም እንደዚሁ ባለ 60 አኃዝ ቁጥር አለው። በዋትስአፕ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ያድርጉ። በሴቲንግስ ውስጥ አካውንት ከሚለው ሥር "ሴኪዩሪቲ ኖቲፊኬሽንስ" የሚለውን ያብሩት። ይህ ሲበራ የሰውየው ቁልፍ በተለወጠ ጊዜ ማሳወቂያ ይደርስዎታል። ቁልፍ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ ሰውየው ስልክ ሲቀይር ወይም ፕሮግራሙን እንደገና ሲጭን ነው። ቢሆንም ቁልፉ ትናንት ተለውጦ ዛሬ "የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል" የሚል መልእክት ከመጣ ሁለቱን ነገሮች አያይዘው ይመልከቱ።

ቴሌግራምን በሚመለከት ብዙ ነጋዴዎች የተሳሳተ ግምት አላቸው። በቴሌግራም የሚደረገው ተራ ጭውውትና የቡድን ጭውውት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ መልእክቱ በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ላይ ይቀመጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው "ሲክሬት ቻት" የሚባለው ብቻ ሲሆን እሱም ከሁለቱ ወገኖች ስልክ ጋር ሊመሳከር የሚችል የቁልፍ ምስል አለው። ስለዚህ የሒሳብ ቁጥርና የውል ዋጋ በቡድን ውስጥ ባይጻፍ ይመረጣል።

ኢሜይልን ለሚመርጡ ሰዎች ፊሊፕ ዚመርማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው "ፒጂፒ" የተሰኘ የምስጠራ ዘዴ አለ። በዚህ ዘዴ አንድ ሰው የሚያውቀውን ሰው ቁልፍ ፈርሞ ይመሰክርለታል፤ ያም ለሌላው ይመሰክራል። ለእኛ ለዋስ ልማድ ያልራቅን ሰዎች ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ይሁንና አጠቃቀሙ ስለሚከብድ ጥቂት ነጋዴ ነው የሚይዘው። ኢሜይል ብቻ ካለዎት ደንቡ ያው ነው፤ የሒሳብ ቁጥር በኢሜይል ከመጣ በኢሜይል አያረጋግጡ።

ሁለተኛው መንገድ እውነተኛ ሁለተኛ ይሁን

አንዳንድ ሰው ያረጋገጠ መስሎት ሌባውን ራሱን ይጠይቃል። በአጠራጣሪው ኢሜይል ግርጌ በተጻፈው ስልክ ቁጥር ይደውላል፤ የሚያነሣው ሌባው ነው። መደወል ያለብዎ ቀድሞ በእጅዎ ባለው ቁጥር፣ ከድሮ ውል ወይም በአካል ሲገናኙ ከተቀበሉት ካርድ ላይ ነው።

ድምፅም ቢሆን እንደ ቀድሞው ፍጹም ማስረጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በሆንግ ኮንግ የአሩፕ፣ የእንግሊዙ የምሕንድስና ኩባንያ፣ አንድ ሠራተኛ በኮምፒዩተር የተሠሩ የአለቆቹን መልክና ድምፅ በቪዲዮ ስብሰባ አይቶ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአጭበርባሪዎች አስተላልፏል። በመሆኑም በአካል ሲገናኙ አብረው አንድ ነገር ቢሠሩ መልካም ነው። በንግድ ትርኢት ላይም ይሁን በጉብኝት ጊዜ የኪውአር ኮዳችሁን ተነባበቡ፤ ለወደፊቱ በስልክ የምትጠያየቁበትን አንድ ቃልም ተስማሙ። የዚያን ቀን የሚጠፋው አምስት ደቂቃ ለዓመታት ያገለግላል።

እዚህ ላይ የቁልፍ ማመሳከር የማያደርገውንም መናገር ተገቢ ነው። አቅራቢው ራሱ አጭበርባሪ ከሆነ ቁልፉ ትክክል መሆኑ አያድንም። ስልክዎ ወይም የእሱ ስልክ በሌላ እጅ ከገባም ቁልፉ በሰላም ገጥሞ ምስጢሩ ሊወጣ ይችላል። ማመሳከር የሚዘጋው አንድ በር፣ የመሐል ሰውን በር ነው።

ወጪና ትርፉ ሲመዛዘን

ነጋዴ የሚያምነው ሒሳብ ነውና በሒሳብ እንጨርስ። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያ ቡና ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ መሆኑ ነው። ኪሎው 5 ዶላር ቢሸጥ እንበል፣ ዋጋው 96,000 ዶላር ይሆናል። ከ1,000 ኮንቴይነሮች የአንዱ ክፍያ ብቻ በመሐል ሰው ይወሰዳል ብለን ብንገምት እንኳ ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር የሚታሰበው የአደጋ ወጪ 96 ዶላር ነው። ወደ ዱባይ ወይም ወደ ሐምቡርግ አምስት ደቂቃ ደውሎ ቁጥር ለማመሳከር የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። አደጋው የሚደርስበት ሰው ደግሞ የሚያጣው 96 ዶላሩን ሳይሆን 96,000ውን ነው። ለትንሽ ነጋዴ ይህ መዋዕለ ንዋዩ በሙሉ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለውጭ ንግድ ብቻ የሚባል አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ሥራ መጀመሩ ይታወሳል። ደንበኛ ለደላላው "ይህን ያህል አክሲዮን ግዛልኝ" ወይም "ሽጥልኝ" የሚል ትእዛዝ በስልክ መልእክት ቢሰጥ ሁለቱም ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ይገባቸዋል። ትእዛዙን የላከው ደንበኛው ነው? የተቀበለውስ ደላላው ነው?

ሌባ ሁልጊዜ ያጣድፋል። "ዛሬ ካልከፈላችሁ መርከቡ ያመልጣል"፣ "ሒሳባችን በኦዲት ምክንያት ተዘግቷል"፣ "ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ አይደውሉላቸው" ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አቅራቢው እውነተኛ ከሆነ ቁጥር ለማመሳከር አምስት ደቂቃ ቢጠየቅ አይቀየምም፤ የሚድነው የእሱም ገንዘብ ነውና። የሚቀየም ከሆነ እሱም ራሱን የቻለ መልስ ነው።

አባቶች "ጠርጥር ከገንፎም አለ ስንጥር" ሲሉ ገንፎውን አትብላ ማለታቸው አልነበረም። በኢሜይልም በዋትስአፕም ይነግዱ፤ ዘመኑ ያመጣው ነውና። ነገር ግን የሚቀጥለውን ክፍያ ከማስተላለፍዎ በፊት የዋና አቅራቢዎን ስም ይክፈቱ፣ 60ውን አኃዝ ያውጡ፣ በሚያውቁት ስልክ ይደውሉና "እኔ ጋ ያለው ይህ ነው፤ እርስዎ ጋ ያለውስ?" ብለው ይጠይቁ። 8 ብለው የላኩት እዚያ 21 ሆኖ ደርሶ ከሆነ ማወቅ የሚሻለው ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ነው።